‹‹ፒስተኑን ሳትይዢ አትምጪ››፦ የአባቴን ዲቲ 125 ያስነሳልኝ የአዳማ ቶርኖ ቤት

ይህን ግምገማ ለመጻፍ ስምንት ወር ታግሻለሁ። የሲሊንደር ሥራ ጥሩ ይሁን መጥፎ የሚታወቀው ሞተሩ ብዙ መንገድ ከሄደ በኋላ ነውና። አሁን የአባቴ ያማሃ ዲቲ 125 ወንጂና ሶደሬ እየተመላለሰ 1,400 ኪሎ ሜትር ሞልቷል። አልነከሰም፤ ማለትም ፒስተኑ ሲሊንደሩ ውስጥ አልተጣበቀም። አልተንኳኳም። ጠዋት በሁለተኛው እርግጫ ይነሳል። ስለዚህ አፌን ሞልቼ መናገር እችላለሁ፤ አዳማ ውስጥ የድሮ ሞተር ሳይክል ሲሊንደር የሚያሠራ ሰው ካለ እኚህ ሰው ጋ ይሂድ።

ቶርኖ ቤቱ ሰሌዳ የለውም። ከድሮው ባቡር ጣቢያ ብዙም ሳይርቅ፣ ከብየዳ ቤቶቹ ጀርባ፣ ሰማያዊ የቆርቆሮ በር ያለው አንድ ክፍል ነው። ሁለት ቶርኖ፣ አንድ መሰርሰሪያ፣ አንድ ሲሊንደር ማስፊያ ማሽን፣ አንድ ረጅም ጠረጴዛ። በቃ ይኸው ነው። ባለቤቱ ‹‹ሥራውን ጻፊ፣ ስሜን ተዪው›› ስላሉኝ ስማቸውን አልጠራም። እኔ ጋሼ ነው የምላቸው። ዕድሜያቸው ወደ ሰባ ተጠግቷል። ሙያውን የተማሩት ወንጂ ነው፤ ሆላንዶች እ.ኤ.አ. በ1954 ሥራ ባስጀመሩት ስኳር ፋብሪካ ወርክሾፕ ውስጥ። ስለዚያ ወርክሾፕ ሲያወሩ ድምፃቸው ይለወጣል። የተሰበረ ማርሽ ከውጭ እስኪመጣ አገዳው አይጠብቅም ነበር ይላሉ፤ እዚያው ተለክቶ፣ እዚያው ተቀርጾ፣ እዚያው ይገጠማል።

ስለ ሞተሩ ትንሽ ልበል። ዲቲ 125 አንድ ሲሊንደር ያለው፣ በአየር የሚቀዘቅዝ፣ ባለ ሁለት ምት ሞተር ነው። ሲሊንደሩ ውስጡ 56 ሚሊሜትር ይሰፋል፤ ፒስተኑ 50 ሚሊሜትር ይጓዛል። የሒሳብ መምህር ነኝና ስለ ሲሊንደር ይዘት ሳስተምር ለተማሪዎቼ የምሰጠው ምሳሌ ይኸው ነው። ሲያሰሉት 123 ሲሲ ይወጣል። ያማሃ ይህን ዘር የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1968 ባወጣው ባለ 250 ሲሲው ዲቲ 1 ነው፤ አስፋልትም ላይ፣ ኮረኮንችም ላይ እንዲሄድ ተብሎ የተሠራ። የእኛው እ.ኤ.አ. የ1976 ሥሪት ነው። ከኋላ ሁለት ሾክ አለው፣ ባለ 6 ቮልት ነው፣ እሳቱን የሚሰጠው በፑንቲና፣ እየተከፈተ በሚዘጋ ትንሽ የብረት መገናኛ፣ ነው።

አባቴ የእንስሳት ጤና ረዳት ነበር። በዚህ ሞተር ክትባት በበረዶ ሳጥን ጭኖ የአርሲን ገጠር ዞሮበታል። መሥሪያ ቤቱ በጨረታ ሲሸጠው ከደመወዙ ቆጥቦ ገዛው። እኔን ልጅ ሆኜ ትምህርት ቤት ያደርሰኝ የነበረው ሰልባትዮው፣ የቤንዚን ጋኑ፣ ላይ አስቀምጦ ነው። የቤንዚኑና የተቃጠለው ዘይት ሽታ አሁንም ድረስ ለእኔ የጠዋት ሽታ ነው።

ሞተሩ የቆመው በአንዲት ላስቲክ ቱቦ ምክንያት ነው። የብዙ ሰው ዲቲ በዚሁ ነገር ሊሞት ስለሚችል ልብ በሉልኝ። ይህ ሞተር ዘይቱ ከቤንዚን ጋር ተቀላቅሎ የሚቀዳለት አይደለም። አውቶሉብ የሚባል ትንሽ ፓምፕ አለው፤ ያማሃ እ.ኤ.አ. በ1964 ያመጣው ዘዴ ነው። ዘይቱ ለብቻው በራሱ ጋን ይቀመጣል። ፓምፑ እንደ ጋዙ አከፋፈትና እንደ ሞተሩ ፍጥነት እየመጠነ ይሰጠዋል። ከጋኑ ወደ ፓምፑ የምትወርደው ቱቦ ደርቃ ተሰነጠቀችና አየር ሳበች። ወንድሜ ከሞጆ ሲመለስ ሞተሩ ድንገት ነከሰ። የኋላ ጎማው ተቆልፎ አስፋልቱ ላይ ተጎተተ። ፍሪሲዮኑን ቶሎ ባይዝ ኖሮ መንገዱ ላይ ይወድቅ ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሞተሩ 11 ዓመት ግቢያችን ውስጥ፣ ከውሃ ታንከሩ አጠገብ፣ ሸራ ለብሶ ቆመ።

በ2014 ዓ.ም. ክረምት ትምህርት ሲዘጋ ፈታሁት። በረንዳው ላይ ጆንያ አነጠፍኩ። ቡሎኖቹንና ዳዶዎቹን በእንቁላል ትሪ ደረደርኳቸው፤ እያንዳንዱ ጉድጓድ ላይ ከየት እንደወጣ በደብተር ወረቀት ጻፍኩ። ሰልባትዮው ውስጡ ዝጎ ነበር። አቸቶ ሞልቼ ትናንሽ ዳዶ ጨመርኩበትና ለሁለት ቀን እየነቀነቅኩ አቆየሁት። ከዚያ በሶዳ ውሃ አጠብኩት፣ ፀሐይ ላይ አደረቅኩት፣ ወዲያው ዘይት ቀባሁት። የዘይቷን ቱቦ በአዲስ፣ ውስጡ በሚታይ ቱቦ ቀየርኩ፤ አሁን የአየር አረፋ ከገባ በዓይኔ አየዋለሁ። ብዙ ሰው ‹‹ፓምፑን አውጥተሽ ጣዪው፣ ዘይቱን ከቤንዚን ጋር ቀላቅይ›› አለኝ። አልተቀበልኩም። ቁልቁለት ላይ ጋዝ ዘግተህ በማርሽ ስትወርድ ቤንዚን አይገባም፤ ዘይቱ ቤንዚኑ ውስጥ ከሆነ እሱም አይገባም ማለት ነው። ሞተሩ ግን በፍጥነት ይዞራል። ፓምፑ ያኔም ትንሽ ትንሽ ይሰጣል። አባቴ ያን ሁሉ የአርሲ ቁልቁለት የወረደው በእሱ ነው።

ይህ ሁሉ በእጄ የሚሠራ ነው። ሲነክስ የተቧጨረው ሲሊንደር ግን በማሽን መስፋት አለበት፤ በእጅ አይሠራም።

መጀመሪያ የሄድኩበት ቦታ ሌላ ነበር። ስሙን አልጽፍም። ሲሊንደሩን ሰጠሁት። ልጁ በካሊፐር አንዴ ለካና ‹‹50 አሰፋልሻለሁ፤ ፒስተኑን ራስሽ ፈልጊ›› አለኝ። 50 ማለት ግማሽ ሚሊሜትር ነው፤ ከ56 ወደ 56.50። አላወቅኩም ነበርና እሺ አልኩ። በሰዓታት ውስጥ ጨርሶ ሰጠኝ። ፍጥነቱ ደስ ብሎኝ ነበር። ከሁለት ሳምንት በኋላ አዲስ አበባ፣ ሶማሌ ተራ ወርጄ ባለ 0.50 ፒስተን ከነፋሻው፣ ፒስተኑን ከሚከቡት የብረት ቀለበቶች ጋር፣ ገዛሁ። ገጠምኩት። ሞተሩ ተነሳ፤ ሆኖም ከሥር ‹‹ካ ካ ካ ካ›› የሚል ድምፅ ነበረው። ሲሞቅ ድምፁ ቢቀንስም ጉልበት የለውም። ከቤታችን እስከ ፍራንኮ ሰፈር ሄጄ ሦስተኛ ማርሽ ላይ ማለቅ ጀመረ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች የሚባለው እንደዚህ ነው።

ወደ ጋሼ የወሰደኝ የሰፈራችን የባጃጅ ሹፌር ነው። ሲሊንደሩንና ፒስተኑን በፌስታል ይዤ ገባሁ። ቀና ብለው አዩኝ፤ ስለ ሞተሩ ከመጠየቃቸው በፊት ፌስታሉን ተቀበሉኝ።

‹‹ልጄ፣ ይህን ማነው ያሰፋው?››

‹‹ሌላ ቦታ ነው ጋሼ።››

‹‹ፒስተኑ በእጁ ነበር?››

‹‹አልነበረም።››

ሌላ ምንም አላሉም። ማይክሮሜትራቸውን ከእንጨት ሳጥኑ አወጡ። በአሮጌ የቬሎ ጨርቅ የተጠቀለለ ነው። ፒስተኑን ከታች፣ ከቀሚሱ ጫፍ ትንሽ ከፍ ብለው፣ ከፒኑ በመስቀለኛው አቅጣጫ ለኩት። 56.46። ከዚያ ሲሊንደሩን ከላይ፣ ከመሃል፣ ከታች፤ እያንዳንዱን ደግሞ በሁለት አቅጣጫ። ስድስት ቁጥር በኖራ ጠረጴዛው ላይ ጻፉ። ከላይ 56.64። ከታች 56.60። ኖራውን አቀበሉኝና ‹‹መምህር ነሽ አይደል? ቀንሺው›› አሉኝ።

ቀነስኩት። ከላይ ክፍተቱ 0.18 ሚሊሜትር፣ ከታች 0.14። እንዲህ ላለ ሞተር መሆን ያለበት 0.04 ገደማ ነው። የፀጉር ክር ግማሽ ማለት ነው። የእኔው ከሦስት እጥፍ በላይ ተከፍቷል፤ እሱም እኩል አይደለም፣ እንደ ቀፎ ወደ ላይ ይሰፋል። ያ ‹‹ካ ካ ካ›› ፒስተኑ ከግድግዳ ግድግዳ ሲላተም ነበር።

እኔ ሞተሩ ሞተ ብዬ ደንግጫለሁ። ጋሼ ደግሞ የሲሊንደሩን ዕድሜ እየቆጠሩ ነበር። ፒስተን በ0.25 ልዩነት ይሠራል፤ 56.25፣ 56.50፣ 56.75፣ 57.00። ሲሊንደር በሰፋ ቁጥር አንድ ደረጃ ይበላል። 57 ካለቀ በኋላ ያለው ምርጫ አሮጌውን ካሚቻ፣ የሲሊንደሩን የውስጥ እጅጌ፣ አውጥቶ አዲስ ማስገባት ነው። ‹‹56.75 ካገኘሽ ይበቃል፤ ካጣሽ 57። እዚህ ግን ፒስተኑን ሳትይዢ አትምጪ። ሳጥኑ ላይ የተጻፈውን ቁጥር አላምንም፤ ብረቱን ነው የምለካው›› አሉኝ።

ገንዘብ ልሰጥ እጄን ወደ ቦርሳዬ ሰደድኩ። ‹‹ምን ሠራሁና?›› ብለው መለሱኝ። ያን ሁሉ ለክተው፣ አስተምረው፣ አንድ ብር አልተቀበሉም።

ፒስተን ፍለጋው አራት ወር ፈጀ። ሶማሌ ተራ ሦስት ጊዜ ተመላለስኩ። 56.75 የሚባል ጠፋ። በመጨረሻ አንድ ሽማግሌ ነጋዴ ከላይኛው መደርደሪያ አቧራ የጠገበ ካርቶን አወረዱልኝ። ፒስተኑ ራስ ላይ 1.00 ተቀርጾበታል። 57 ነው። ፋሻዎቹ ከነወረቀታቸው አሉ። እዚያው ሱቁ በር ላይ ቆሜ የፋሻ መቀመጫዎቹን አየሁ። በሁለት ምት ሞተር መቀመጫው ውስጥ ትንሽ ችንካር አለች፤ የፋሻው አፍ እንዳይዞር ትይዘዋለች። ፋሻው ቢዞር አፉ ሲሊንደሩ ግድግዳ ላይ ካሉት መስኮቶች በአንዱ ይገባና ይሰበራል። ሁለቱም ችንካሮች ነበሩ። የመምህር ደመወዝ ለሚያውቅ ሰው ዋጋው ቀላል አልነበረም። ደብተሬ ውስጥ ጠቅልዬ እንደ እንቁላል ተሸክሜው መጣሁ።

ጋሼ ጋ ስደርስ ከቀኑ 8 ሰዓት ነበር። የአዳማን የ8 ሰዓት ፀሐይ የምታውቁ ታውቁታላችሁ። ፒስተኑን ተቀበሉ፣ በእጃቸው ያዙት፣ ሙቀቱ ተሰማቸው። ‹‹ዛሬ አይለካም›› አሉ። ሲሊንደሩንና ፒስተኑን ጎን ለጎን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ፣ በንጹሕ ጨርቅ ሸፈኑና ‹‹አብረው ይደሩ›› አሉኝ።

ያን ጊዜ ትንሽ ቅር አለኝ። ማታ ቤት ገብቼ ግን አሰላሁት። አሉሚኒየም ሲሞቅ ከብረት ሲሊንደር ወደ ሁለት እጥፍ ይለጠጣል። 57 ሚሊሜትር የሆነ የአሉሚኒየም ፒስተን ከጥላው በ15 ዲግሪ ቢሞቅ ወደ 0.02 ሚሊሜትር ይሰፋል። የምንፈልገው ክፍተት 0.04 ነው። ግማሹ ማለት ነው! በቀትር ተለክቶ የተሰፋ ሲሊንደር ማታ ሲቀዘቅዝ ሌላ ቁጥር ነው። እኔ በወረቀት ያገኘሁትን ጋሼ በመዳፋቸው ያውቁታል። በማግስቱ ይህንኑ ነገር 10ኛ ክፍል ገብቼ አስተማርኩት።

በማግስቱ ጠዋት ገና አየሩ ሳይሞቅ ለኩ። ፒስተኑ 56.96። ሲሊንደሩን ማሽኑ ላይ አሠሩት፤ ለማሠር ብቻ ወደ 40 ደቂቃ ፈጀባቸው። ያ መጀመሪያ የሄድኩበት ቦታ ያጣመመውን ለማቅናት ከላይኛው ገጽ ሳይሆን ከታችኛው መቀመጫ ተነሥተው አስተካከሉት። ከዚያ በጥቂት በጥቂቱ ወሰዱለት። በየዙሩ ማሽኑን አቁመው፣ ትንፋሽ ሰጥተው፣ ይለካሉ። 57 ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው የማስፊያውን ምላጭ ትተው ወደ ማለስለሻው ድንጋይ ተሻገሩ። ድንጋዩ ዘይት እየጠጣ ወደ ላይ ወደ ታች ሲል ግድግዳው ላይ የተጣመረ ጭረት ይተዋል፤ የወፍጮ ድንጋይ ሲወቀር እንደሚወጣው ዓይነት፣ ግን በጣም ቀጭን። ዘይት የሚይዘው ያ ጭረት ነው። ሙሉ በሙሉ መስታወት የሆነ ሲሊንደር ፋሻውን አያላምድም።

እዚህ ጋ ብዙዎቹ ሥራው አለቀ ብለው ይሰጡሃል። ጋሼ ገና ወንበር ስበው ተቀመጡ።

የሁለት ምት ሲሊንደር ግድግዳ መስኮቶች አሉት ብያለሁ፤ ነዳጁ የሚገባባቸው፣ ጭሱ የሚወጣባቸው። ሲሊንደሩ ሲሰፋ የመስኮቶቹ ጠርዝ ምላጭ ይሆናል። ጣቴን ልነካ ስል ‹‹ተዪ፣ ይቆርጥሻል›› አሉኝ። ይህ ሞተር በደቂቃ 6,000 ዙር ሲዞር ፒስተኑ በሰከንድ 100 ጊዜ ይወጣል፣ 100 ጊዜ ይወርዳል። ፋሻው በእያንዳንዷ ምልልስ ያን ምላጭ ያልፋል። ጋሼ ትንሽ ግማሽ ክብ ሞረድ ወስደው የእያንዳንዱን መስኮት ጠርዝ ዙሪያውን አለሰለሱት። ከላይና ከታች ያለውን ጠርዝ ይበልጥ፣ የጎኑን በመጠኑ። መብራት ከሥር አስገብተው እያዩ። ትንፋሻቸው ይሰማኛል። ከዚያ ጥሩ የብርጭቆ ወረቀት በእንጨት ጠቅልለው ደገሙት። አንድ ሰዓት ከሩብ! የሰፈሩ ሬዲዮ የቀትር ዜና ጀምሮ ጨርሷል። ሲጨርሱ ጣቴን ይዘው ራሳቸው አስገቡት። ጠርዙ የለም፤ እንደ ስኒ አፍ ሆኗል።

መጨረሻ ላይ ሲሊንደሩን በሙቅ ውሃና በሳሙና አጠቡት። በቤንዚን አይደለም። የድንጋዩ ዱቄት በቤንዚን አይወጣም፤ ቀዳዳው ውስጥ ተቀምጦ ፋሻውን ይበላዋል። ነጭ ጨርቅ ይሰዳሉ፣ ግራጫ ሆኖ ይወጣል፤ ደግመው ያጥባሉ። ጨርቁ ነጭ ሆኖ እስኪወጣ አምስት ጊዜ ታጠበ። ወዲያው ደረቀ፣ ወዲያው ዘይት ተቀባ። ለዚህ ሁሉ 1,800 ብር ከፈልኩ። ያ በሰዓታት ውስጥ ያበላሸብኝ 1,200 አስከፍሎኛል።

አሁን ሞተሩ 127.6 ሲሲ ሆኗል። ከፋብሪካው በ4 ሲሲ ተኩል ጨምሯል። ልዩነቱ ሲነዳ አይታወቅም፤ እኔ ግን አውቀዋለሁ።

ያላስደሰተኝን ደግሞ ልንገራችሁ። ጋሼ ስልክ አያነሱም። ይምጡ ያሉህ ቀን ሄደህ በሩ ዝግ ሊሆን ይችላል፤ በወር በ12 ለሚካኤል አይሠሩም፣ ለቅሶ ካለም አይሠሩም። ደረሰኝ አይሰጡም፤ ስለዚህ የመሥሪያ ቤት ሥራ ለሚያሠራ አይሆኑም። መብራት ከጠፋ ሥራው ይቆማል፤ እኔ ባለሁበት ሁለት ጊዜ ጠፍቶ ሳንናገር ተቀምጠን ጠብቀናል። ሌላው፣ አንድ ረዳት ልጅ አላቸው፤ ትጉ ነው፣ ግን መለኪያውን ገና አያስነኩትም። ይህ ያሳስበኛል። እኚህ ሰው ሲደክማቸው ያ ማይክሮሜትር ለማን ይሆናል? ፊት ለፊት ጠይቄያቸዋለሁ። ‹‹እጁ ሲረጋ›› ነው ያሉኝ። እኔ ብሆን ዛሬ አስጀምረው ነበር።

በነገራችን ላይ ሌሎቹንም ሥራዎች እዚሁ ከተማ ነው ያሠራሁት፤ ባጭሩ ልለፋቸው። ቀለም ቀቢው እጁ ንጹሕ ነው፤ ሥራው ቦታ ግን ክፍት ግቢ ነው። አዳማ ደግሞ ንፋስ ናት። ከከተማዋ ዳር የተተከለው የመጀመሪያው የንፋስ ኃይል ማመንጫ ብቻ 51 ሜጋ ዋት ነው፤ ያ ንፋስ በየግቢው አቧራ ይዞ ይዞራል። የሰልባትዮው የመጀመሪያ ቀለም አሸዋ የተነሰነሰበት መሰለ። በብርጭቆ ወረቀት አውርደን፣ ሁለተኛውን ከንጋቱ 12 ሰዓት ላይ መሬቱን ውሃ ረጭተን ቀባነው። ያ በጣም ያምራል። ቀለም የምታስቀቡ ሰዎች ጠዋት አድርጉት።

ወንበሩን የሶፋ ሠሪ ጎረቤታችን ሠራልኝ። አባቴ የተቀመጠበትን የጎበጠ ቅርጽ እንዳያጠፋው ለምኜው፣ ስፖንጁን ከላይ ብቻ ጨመረ።

ካደረግኳቸው ለውጦች ሁሉ የምኮራበት መብራቱ ነው። 6 ቮልት አምፖል ዛሬ እንደ ልብ አይገኝም፤ ቢገኝም የወንጂ መንገድ ላይ ማታ ጋሪና ከብት ለማየት አይበቃም። ዳይናሞ የሚጠመጥም ልጅ ጋ ሄጄ የመብራቱን ኮይል ብቻ በቀጠነ ሽቦ፣ እጥፍ ገደማ ዙር እንዲጠመጥምልኝ አደረግኩ። ከአዲስ ዘመን ሞተር የመጣ የ12 ቮልት ሬጉሌተር ገጠምኩ። ለእሳቱ የሚሆነውን ኮይል አላስነካሁትም፤ ባትሪ ቢያልቅም ሞተሩ በርግጫ ይነሳል። ይህን የሚያሠራ ሰው ልጁ አጠገብ ቆሞ የትኛው ኮይል የትኛው እንደሆነ ያሳይ። እኔ በቀይ ክር አሥሬ ነው የሰጠሁት።

ገጥሜ የመጀመሪያውን ቀን ሳስነሳው አንድ ነገር ገጠመኝ፤ ይህ የራሴ ጥፋት ነው። ሞተሩ ተነሳና ጋዝ ሳልሰጠው ድምፁ በራሱ እየጨመረ ሄደ። ደንግጬ አጠፋሁት። ካርቡራተሩን ሦስት ጊዜ ፈታሁ፣ አጠብኩ፣ መለስኩ። ያው ነው። ሞተሩን በባጃጅ ጭኜ ጋሼ ጋ ወሰድኩት። ሥራቸው አይደለም፤ ግን ሰሙት። ከማግኔቱ በኩል ጎንበስ ብለው ‹‹የክራንኩን ኦይል ሲል ቀይረሻል?›› አሉኝ። አልቀየርኩም። ደህና ስለመሰለኝ ትቼው ነበር። 11 ዓመት የቆመ ላስቲክ ደህና አይሆንም። በማግኔቱ በኩል ያለው ሲል ሲደርቅ አየር ያስገባል፤ ነዳጁ ይቀጥናል፣ ሞተሩ ይጋልባል፣ ይሞቃል። ጥቂት ቀን እንደዚያ ብነዳው ያ ሁሉ ሥራ ዳግም ይነክስ ነበር። በፍሪሲዮኑ በኩል ያለው ቢደርቅ ደግሞ የማርሹን ዘይት ይስብና ነጭ ጭስ በጭስ ይሆናል። ሁለቱንም ቀየርኳቸው። ዋጋቸው ከምሳ አይበልጥም። ድምፁ ወዲያው ረጋ።

የመጀመሪያዎቹን 500 ኪሎ ሜትር በእርጋታ ነዳሁት፤ አንድ ዓይነት ፍጥነት ላይ ሳልቆይ፣ ጋዙን ከግማሽ ሳላሳልፍ፣ በየ20 ደቂቃው እያሳረፍኩ። ጠዋት ወደ ወንጂ ወርጄ የአገዳውን ዳር ይዤ እመለሳለሁ። በኋላ ወደ አዋሽ መልካሳና ሶደሬ። አዳማ ከባህር ጠለል በላይ ከ1,600 ሜትር ከፍ ትላለች። አየሩ ሳስቷልና ነዳጁ ይበዛበታል፤ ካንዴላው ጥቁር ጥላሸት ይለብስ ነበር። የካርቡራተሩን ዋና ጂግለር፣ ነዳጁን የምትመጥነውን ቀዳዳ፣ በአንድ ቁጥር ዝቅ አደረግኩት። አሁን ካንዴላውን ስፈታው ጫፉ የተቆላ ቡና መጀመሪያ ላይ የሚይዘውን መልክ ይዟል። ለዚህ ሞተር ከዚያ የተሻለ ቀለም የለም።

አባቴ ዓይኑ ደክሟል። በረንዳው ላይ ተቀምጦ ከሩቅ ድምፁን ይሰማል። ባለፈው ቅዳሜ ስገባ ‹‹መታጠፊያው ላይ ሁለተኛ ማርሽ ዘግይተሽ ነው ያስገባሽው›› አለኝ። ትክክል ነበር። እናቴ ቡናውን ትታ ሳቀች፤ እኔ ግን ሞተሩን አጥፍቼ ትንሽ ጊዜ ከወንበሩ ሳልወርድ ቆየሁ።

ጋሼ ጋ ለምትሄዱ፦ ጠዋት ከ2 ሰዓት ተኩል ጀምሮ አሉ፤ ቅዳሜ እስከ 6 ሰዓት፤ እሑድ የለም። ሲሊንደሩን አጥባችሁ፣ ፒስተኑን ከነፋሻውና ከነፒኑ ይዛችሁ ሂዱ። ዋጋ አትከራከሯቸው፤ የጠሩት ልክ ነው። ቶሎ በሉ ብላችሁ አትወትውቷቸው፤ ዕቃውን መልሰው ሲሰጡ በዓይኔ አይቻለሁ። ከአሰላ ወይም ከመተሐራ የምትመጡ ከሆነ ደግሞ ለአንድ ሌሊት ተዘጋጁ፤ ሲሊንደሩና ፒስተኑ ያ ጠረጴዛ ላይ አብረው ሳያድሩ ማሽኑ አይነሳም።